ላቫጆው ውስጥ ውኃ የጠጡት መብራቶች

ሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የላቫጆው ባለቤት ደወሉልኝ። ሰላምታችንን በቅጡ ሳንጨርስ፣ «ልጄ፣ የሰቀልክልኝ መብራት ውስጥ ዓሣ ሊረባ ነው፤ መጥተህ እይልኝ» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሥራውን ያስረከብኩት ግንቦት ላይ ነበር። ሦስት መኪና ጎን ለጎን የሚታጠብበት፣ ከላይ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከፊት ለፊት ክፍት የሆነ ቦታ ነው። 18 ባለ 120 ሳንቲ ሜትር የኤልኢዲ ዋተርፕሩፍ ሰቅያለሁ። ሁሉም ላይ «አይፒ 65» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ዕቃው አቧራና ውኃ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገር ቁጥር ነው። እኔም አይቻለሁ፣ ባለቤቱም ካርቶኑን እያገላበጡ አይተዋል። የሸጠልን ልጅ ደግሞ «ባሕር ውስጥ ብትከቱትም ይበራል» ብሎ ምሎልናል። 65 እንኳን ባሕር፣ ባልዲ ውስጥም እንዲገባ እንዳልተፈተነ ያኔም አውቅ ነበር። ግን ለላቫጆ ይበቃል ብዬ ዝም አልኩ።

መሰላል አቁሜ፣ ብሬከሩን አጥፍቼ፣ በቴስተር ካረጋገጥኩ በኋላ የመጀመሪያውን መብራት ክሊፖች ሳላቅቅ ውኃው በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ብብቴ ወረደ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ይሞላል። ቡናማ ነው፤ የመኪና ሻምፖ ይሸታል፤ አንዲት ዝንብ ተንሳፍፋበታለች። የኤልኢዲው ሰሌዳ በአንድ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ጀማምሮታል። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ግን ደረቅ፣ እንደገዛነው ንጹሕ።

እስከ ምሳ ሰዓት 18ቱንም ከፍቼ ጨረስኩ። 11ዱ ጠጥተዋል፤ 7ቱ ደረቅ ናቸው።

የዚያን ቀን ዓይኔን የገለጡልኝ እነዚያ 7 ናቸው። ሁሉም ጠጥተው ቢሆን ኖሮ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብዬ ጥፋቱን ለሻጩ አሸክሜ እገላገል ነበር። ግን አንድ ፋብሪካ የሠራቸው፣ አንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ጣሪያ ሥር የተሰቀሉ መብራቶች ከፊሉ ደርቆ ከፊሉ ሲጠጣ፣ ልዩነቱ የተፈጠረው ከካርቶኑ ከወጡ በኋላ ነው። ማለትም በእኛ እጅ።

ውኃ የመጣበትን መንገድ ጽፎ ይሄዳል። ሲደርቅ ቀጭን ነጭ መስመር ይተዋል። በስልኬ ባትሪ እያበራሁ መስመሩን ተከተልኩ። ከ11ዱ የ7ቱ መስመር የሚጀምረው ከገመዱ መግቢያ ነው። የ3ቱ ከጎማ ማሸጊያው፣ እኛ ጓርኒሲዮን ከምንለው። የአንዱ ደግሞ ከጀርባው፦ ረዳቴ ከመብራቱ ጋር የመጣውን ማንጠልጠያ ትቶ፣ አካሉን በድሪል በስቶ በብሎን ከብረቱ ጋር አጣብቆታል። «እንዳይወድቅ ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልወደቀም።

የገመዱን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የመብራቱ ጫፍ ላይ ገመዱ የሚገባበት ማጥበቂያ ግላንድ ይባላል፤ ውስጡ ክብ ጎማ አለ። ስታጠብቁት ጎማው ገመዱን ዙሪያውን እኩል ጨምቆ ይይዛል፤ ገመዱ ክብ ከሆነ። እኔ የዘረጋሁት ግን ጠፍጣፋ ባለ ሁለት ሽቦ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ያገኘሁት፣ ዋጋውም የተሻለው እሱ ስለነበር። ጠፍጣፋ ገመድ በክብ ጎማ ውስጥ ሲያልፍ ግራና ቀኙ ላይ እንደ ጨረቃ ጠርዝ የቀጠነ ክፍተት ይቀራል። ያንን ክፍተት ረዳቴ አይቶታል፤ በሲሊኮን ደፍኖታልም። ሲሊኮኑ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ነበር። ያ ሽታ አሲድ ነው፤ መዳብ ይበላል፤ ዝግ ቤት ውስጥ ከኤልኢዲ ጋር ሲታሰር ደግሞ ጥሩ ጎረቤት አይደለም። አረንጓዴው ዝገት የማን ሥራ እንደሆነ፣ የውኃው ይሁን የሲሊኮኑ፣ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለቱም ተባብረው ይሆናል።

የጓርኒሲዮኑ ደግሞ ቀላል ነው። መብራቱ ክዳኑን የሚይዙ 12 ክሊፖች አሉት። በብረቱ በኩል ያሉትን ጣት አስገብቶ መዝጋት ስለሚያስቸግር ከፊሉ ሳይዘጋ ቀርቷል። አንዱ ላይ ጎማው ከቦዩ ወጥቶ ተጣጥፏል። ክዳኑ ከታች ሲታይ የተዘጋ ይመስላል።

አሁን ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔም በትክክል ገብቶኝ ያነበብኩት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው። አይፒ 65 አንድ ቁጥር አይደለም፤ ሁለት ነው። 6ና 5። የመጀመሪያው ስለ ጠጣር ነገርና ስለ አቧራ ይናገራል፤ ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። ሁለተኛው ስለ ውኃ ነው፤ ከ0 እስከ 9 ይሄዳል። ፈተናዎቹ አይኢሲ 60529 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ላይ ተጽፈዋል። የውኃ 5 ማለት፣ አፉ 6.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ፣ በደቂቃ 12.5 ሊትር ውኃ፣ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ከየአቅጣጫው ሲረጭበት ጉዳት የሚያደርስ ውኃ አይገባበትም ማለት ነው። በእኛ መለኪያ፣ ያ ቱቦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ ተኩል ትንሽ ይበልጥ ይፈጅበታል። የግቢ አትክልት የሚጠጣበት ቱቦ በሉት። የውኃ 6 ደግሞ አፉ 12.5 ሚሊ ሜትር፣ በደቂቃ 100 ሊትር ነው፤ ያችኑ ጀሪካን በ12 ሴኮንድ ይሞላታል።

ልብ በሉ፦ ሁለቱም ብዛት ያለው ውኃ ናቸው እንጂ የላቫጆ ግፊት አይደሉም።

ይህን ያስተዋልኩት ከአንዱ አጣቢ ልጅ ጋር ሳወራ ነው። ደረቅ የቀሩት 7 መብራቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በስተ ጀርባ፣ ሰው በሚቀመጥበት በኩል መሆናቸው ከንክኖኝ ነበር። «ማታ ሥራ ስትጨርሱ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩት። ደስ ብሎት መለሰልኝ፦ «ጋሼ፣ መብራቱንም ጭቃ ይነካዋል እኮ። ማታ ማታ በማሽኑ እናጥበዋለን።» ማሽኑን አነሳና አሳየኝ። የጠመንጃውን አፍ ከመብራቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደገነ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራውን ይወዳል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ግፊት 130 ባር ነው።

እንዲህ ያለ ግፊት ፈተና ላይ የሚገኘው በ9 ብቻ ነው። ከ80 እስከ 100 ባር፣ 80 ዲግሪ የሞቀ ውኃ፣ በጣም ቅርብ ከሆነ ርቀት። ለሥጋና ለወተት ፋብሪካ፣ በየቀኑ ሙሉ በሙሉ በሙቅ ውኃ ለሚታጠብ ክፍል የሚጠቅም ደረጃ ነው። 65 የተጻፈበትን መብራት በቅርብ በ130 ባር እየመቱ «ለምን ገባበት» ማለት ዣንጥላ ይዞ ፏፏቴ ሥር ቆሞ እንደ መገረም ነው።

ሌላም ነገር አለ፦ መብራት ይተነፍሳል። ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይለጠጥና በቀዳዳው ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ከውጭ ይስባል። ማታ ለሰዓታት በርቶ የጋለ መብራት ላይ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ስትረጩበት፣ መብራቱ በዚያችው ደቂቃ ውኃውን እንደ መርፌ ይመጠዋል። ክፍተቷ የፀጉር ያህል ብትሆን ትበቃዋለች። ፈተናው ደግሞ በንጹሕ ውኃ ነው። ሻምፖ የተቀላቀለበት ውኃ በቀላሉ ይሰርጋል፤ ንጹሕ ውኃ የማይደፍራት ስንጥቅ ውስጥ ይሾልካል።

እንግዲህ ሁለት ጥፋት ተገናኝቷል፤ የእኔ ቀዳዳና የልጆቹ ጠመንጃ። ባለቤቱ ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ታዲያ 69 የሚባለውን ግዛልኝ» የሚል ነበር። ዋጋውን ሰምተው ዝም አሉ። እኔም አልገፋሁም፤ ምክንያቱም 69 ብገዛም በጠፍጣፋ ገመድ ብሰቅለው ያው ነው። ቁጥሩ የሚሠራው መብራቱ ፋብሪካው እንዳሰበው ተዘግቶ ሲቆይ ብቻ ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ዝቅ ያለው፣ ግላንዱም ይሁን ስካቶላው (ገመዶች የሚገናኙበት ሳጥን)፣ የሁሉንም ደረጃ ወደ ራሱ ይጎትተዋል።

ከውኃው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያው አጣቢ ልጅ መሰላሉን ይዞልኝ ቆሞ፣ «አንዳንዴ ክዳኑን ስነካው ይነዝረኛል» አለኝ፤ እንደ ተራ ወሬ። ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ብዬአለሁ አይደል? ሦስተኛው፣ የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ግራውንዱ፣ የለም። የመብራቱ ውስጥ ሳህን ብረት ነው፤ የግራውንድ ማሰሪያ ብሎን አለው፤ ብሎኑ ላይ ምንም አልታሰረም። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ ወይ በተቀደደ ቦት የሚቆም ልጅ፣ 220 ቮልት፣ ውኃ የሞላው መብራት። አይፒ ስለ ውኃ መግባት ይናገራል እንጂ ስለ መንዘር ምንም ዋስትና አይሰጥም። ያን ቀን የመብራቱን መስመር በሙሉ አጠፋሁ፤ ሥራው እስኪያልቅ ላቫጆው በቀን ብቻ ሠራ። ባለቤቱ ተቆጡ። ይቆጡ።

የጠገንነው እንዲህ ነው። ጠፍጣፋውን ገመድ በሙሉ አውጥቼ ክብ ባለ ሦስት ሽቦ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ዘረጋሁ። ግላንዶቹን የገመዱን ውፍረት በካሊፐር ለክቼ ገዛሁ። እያንዳንዱ ግላንድ የሚይዘው ከዚህ እስከዚህ ሚሊ ሜትር የሚል ልክ አለው፤ «ይገባል አይገባም» ብሎ መሞከር ልክ ማወቅ አይደለም። ገመዱ ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ እንዲል አደረግሁት፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውኃ ግላንዱ ጋ ሳይደርስ ከጉብታው ላይ ይንጠባጠባል። ኤሌክትሪክ ሲሾልክ መስመሩን ወዲያው የሚቆርጠውን 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ አስገባሁ፤ ግራውንዱንም ለካሁ። የተበላሹትን 11ዱን በ66 ተካሁ፤ ከሚታጠበው መኪና ትይዩ የነበሩትን ወደ መሃል መተላለፊያው አዛውሬ ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግኋቸው። ከዚያ ሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ነጻ የሆነው ነው፦ ልጆቹን ሰብስቤ «ማሽኑ መብራት አይነካም፤ ጭቃ ሲነካው በእርጥብ ጨርቅ፣ መብራቱ ጠፍቶ» አልኳቸው። ያገለገሉትን ጨርቆች የሚያንጠለጥሉበት ሚስማር ራሴ መታሁላቸው።

የወጪውን ግማሽ እኔ ሸፈንኩ። መቶ በመቶ መሸፈን ነበረብኝ፤ ባለቤቱ ናቸው «ልጆቹም አጥፍተዋል» ብለው የቀነሱልኝ።

ከመስቀሌ በፊት የማደርገውን አንድ ሙከራ ከዚያ ወዲህ አልተውኩም፤ ዕቃ የማይጠይቅ ስለሆነ እናንተም ሞክሩት። ከገዛችሁት መብራት አንዱን፣ በምትጠቀሙበት ገመድና ግላንድ ሙሉ በሙሉ ግጠሙት፤ የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ከውኃው ርቆ ይሁን፤ ከመብራት ኃይል ጋር አይገናኝ። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረቅ ሶፍት አንጥፉበት። ዝጉትና ወደፊት በሚሰቀልበት አኳኋን አስራችሁ፣ ከ3 ሜትር ርቀት በግቢ ቱቦ ከሁሉም አቅጣጫ ለ3 ደቂቃ ርጩበት። ከውጭ አድርቃችሁ ክፈቱ። ሶፍቱ የት ጋ እንደራሰ ስታዩ ቀዳዳችሁን ታውቁታላችሁ። የላቦራቶሪ ፈተና አይደለም፤ የመብራቱንም ደረጃ አያረጋግጥም። የእናንተን እጅ ግን ይፈትናል። የእኔ ረዳት በመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ፤ በሁለተኛው አለፈ፤ አሁን ሌሎቹን የሚያስተምር እሱ ነው።

ከላቫጆው በኋላ የሠራሁት ወፍጮ ቤት ነበር፤ ጤፍና በርበሬ የሚፈጭበት። እዚያ ነው የመጀመሪያው ቁጥር የገባኝ። አሮጌውን ፍሎረሰንት ላወርድ ክዳኑን ፈንቀል ሳደርግ ቀይ ዱቄት ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ባላስቱ ላይ የበርበሬው ውፍረት አንድ ጣት ይሆናል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ማስነጠስና ማልቀስ እንጂ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ባለቤቷ ሴትዮ ውኃ እያቀበሉኝ፣ «አይዞህ፣ እኛማ ለምደነዋል» አሉኝ።

የአቧራ 5 ማለት አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት አይደለም፤ ቢገባም ሥራውን የሚያውክ ያህል አይገባም ማለት ነው። 6 ነው «ጨርሶ አይገባም» የሚለው። የሚፈተነውም ታልክ ዱቄት በሚቦንበት ዝግ ሳጥን ውስጥ ሲሆን፣ ለ6 የዕቃው ውስጥ አየር እየተሳበ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ሊቆይ ይችላል። 4ና ከዚያ በታች ያሉት ስለ አቧራ አይደሉም፤ ጣት፣ ካቻቪቴ፣ ሽቦ ይገባል አይገባም ነው ነገራቸው። 2 ጣት አያስገባም፤ 4 ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ አያስገባም። ለወፍጮ ቤቱ ውኃ አያስፈልገኝም ነበር፤ የሚያስፈልገኝ 6 ብቻ ነው። ግን ገበያ ላይ 60 ፈልጋችሁ በቀላሉ አታገኙም፤ አቧራን ጨርሶ የሚከለክለው ጎማ ውኃንም ስለሚከለክል 65 ሆኖ ይሸጣል። ስለዚህ 65 ገዛሁ፤ ለውኃው ሳይሆን ለበርበሬው።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ቁጥሩ የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ አቧራው ባይገባም ላዩ ላይ ይተኛል። እንደ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ሙቀቱን መተንፈስ ያቃተው መብራት ድራይቨሩን፣ ኤሌክትሪኩን ለኤልኢዲው የሚያስተካክለውን ዕቃ፣ ያቃጥላል። ጀርባው ለስላሳና የተደፈነ የሆነውን፣ ዱቄት የሚቆምበት ጎድጓዳ የሌለውን መረጥኩ፤ ከመፍጫው አፍ ፈንጠር አድርጌ ሰቀልኩት፤ በሳምንት አንዴ መብራቱ ጠፍቶ በጨርቅ እንዲጠረግ ተስማማን።

ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ ሲሆን ግን እጄን አላስገባም። አንድ ጊዜ ተጠይቄ «65 አለኝ፣ እሠራዋለሁ» ልል ነበር። የቦነነ ዱቄት ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1878 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ትልቁ የዱቄት ፋብሪካ በዚህ ምክንያት ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ፣ ለነዳጅ ማደያ መሙያ አካባቢ፣ ለቀለም መርጫ ክፍል የሚሆነው መብራት ፍንዳታ እንዳያስነሳ ተብሎ ተለይቶ የተመሰከረለት ነው። አይፒው 66 ወይም 68 መሆኑ ይህንን አይተካም። ቦታውን በአደጋ ደረጃ የሚከፋፍለው ባለሙያ ሌላ ነው፤ እሱ ይምጣ።

እንጀራ በብዛት የሚጋገርበት አንድ ቤት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። ከሃያ በላይ ምጣድ በአንድ ክፍል። ጓርኒሲዮኑ ደኅና፣ ግላንዱ ደኅና፣ ግን መብራቶቹ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጠል ይታያል። እንፋሎት ነው። ከውኃ ፈተናዎቹ አንዱም ስለ እንፋሎት አያወራም። ሌሊት ሲጠፉና ሲቀዘቅዙ እርጥቡን አየር ይስባሉ፤ ጠዋት ክዳኑ ላይ ያላብሳል። በጎማ ላይ ጎማ ብትደራርቡ የገባው እንዳይወጣ ከመቆለፍ በቀር ጥቅም የለውም። ያደረግነው መብራቶቹን ከምጣዶቹ ራስ ላይ ወደ መተላለፊያው ማዛወርና እንፋሎቱን የሚያወጣ ማራገቢያ ግድግዳው ላይ ማስገባት ነው። ሁለቱን መብራቶች አየር የሚያስተነፍስ ውኃ ግን የማያሳልፍ ትንሽ መተንፈሻ ባለው ዓይነት ቀየርኳቸው። እነሱ ደረቁ። ወጥ ቤት ላይም ልብ በሉ፣ የዘይት እንፋሎትና ጠንካራ ማጽጃ የላስቲኩን ክዳን እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ ክዳን ምንም ቁጥር የለውም።

ስለ ፓውዛ ላውራ፤ የሱቅ በረንዳና የግቢ ፓውዛ ክረምት ሲገባ ለምን እንደሚሞት በየዓመቱ እጠየቃለሁ። ፓውዛው ራሱ ብዙ ጊዜ 65 ወይም 66 ነው፤ ከፋብሪካው ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ከጀርባው ግን ስንዝር የማትሞላ ገመድ ተንጠልጥላ ትመጣለች። እሷን ከቤቱ ገመድ ጋር ጠምዝዘን፣ በፕላስተር ጠቅልለን፣ ከቆርቆሮው ሥር እንሸጉጣለን። ያ ፕላስተር ዜሮ ነው። ውኃው ፕላስተሩ ውስጥ ገብቶ፣ በሽቦዎቹና በላስቲካቸው መካከል እንደ ክር እየተሳበ፣ ገመዱን ተከትሎ ፓውዛው ሆድ ውስጥ ይገባል። ሰው ፓውዛውን ከፍቶ ጓርኒሲዮኑን ይፈትሻል፤ ጓርኒሲዮኑ ንጹሕ ነው። መገናኛው ቢያንስ የፓውዛውን ያህል ደረጃ ባለው ስካቶላ ውስጥ፣ ግላንድ ኖሮት ይሁን። «የገባው ውኃ እንዲወጣ» ብለው ከሥሩ በድሪል የሚበሱም አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ጉንዳንም ይገባል።

ሱቅ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ 67 ከ65 «ይበልጣል» ተብሎ ተወድዶ ይሸጣል። 7 ማለት 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተነክሮ የተፈተነ ነው። መነከርና መረጨት ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። እስከ 6 ድረስ ያሉት የውኃ ቁጥሮች ከበታቻቸው ያሉትን ያካትታሉ፤ 7ና 8 ግን 5ንና 6ን አያካትቱም። ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ ሁለቱን ቁጥር አብሮ ይጽፋል፣ 66/67 ብሎ። መሬት ውስጥ ለሚቀበር የግቢ መብራት ውኃ ሊተኛበት ስለሚችል 67 ይፈለጋል፤ ከሥሩም ጠጠር ይደልደልለት። ለግድግዳ ግን 65 ወይም 66 ይበቃል። ጣሪያ ክዳን ሥር፣ ዝናብ በነፋስ ብቻ ለሚደርስበት በረንዳ 44 እንኳ አይከፋም።

አብዝቶ መግዛትም ጉዳት አለው። አንድ ደንበኛ ለቢሮው ጣሪያ ሁሉ 65 እንዲሆንለት ጠየቀኝ፤ «ቆንጆ ነገር ይሁን» ብሎ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ማንም ውኃ የማይረጭበት ቢሮ 20 ይበቃዋል። የታሸገ መብራት ሙቀቱን በቀላሉ አያወጣም፤ ድራይቨሩም ዕድሜው የሚያጥረው በሙቀት ነው። በተለይ ቆላ ላይ ለምትሠሩ፣ አዋሽም ይሁን ድሬዳዋ፣ መብራቱ ላይ የተጻፈውን የአካባቢ ሙቀት ልክ አንብቡ። ለ25 ዲግሪ የተሠራ የታሸገ መብራት ቆርቆሮ ሥር ሲሰቀል ቁጥሩ ውኃውን ቢያስቆምም ሙቀቱ ይጨርሰዋል።

አሁን ሥራ ሲመጣ ካታሎግ አልከፍትም፤ መጀመሪያ ቦታው ላይ እቆማለሁ። ውኃው ከየት ነው የሚመጣው፣ ከላይ ነው ከታች፣ በምን ኃይል፣ ማን ነው የሚያጸዳው፣ በምን? አቧራው ምንድን ነው፣ ይነዳል ወይ? ሰው ወይም ዕቃ ይመታዋል ወይ? ይሄ የመጨረሻው ሌላ ቁጥር አለው፣ አይኬ ይባላል፤ አይኬ 08 የ5 ጁል ምት፣ አይኬ 10 የ20 ጁል ምት ይችላል። ኳስ ለሚጫወቱበት አዳራሽና መኪና ወደ ኋላ ለሚገባበት መጋዘን ከውኃው ቁጥር በላይ እሱ ይጠቅማል።

ሱቅ ገብቼ ደግሞ ካርቶኑን ሳይሆን መብራቱን እጠይቃለሁ። ክዳኑን ከፍቼ ጓርኒሲዮኑን በጣቴ ዙሪያውን እዳስሳለሁ፤ የጎማው ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ክፍተት ካለው እመልሰዋለሁ። ክሊፖቹን እቆጥራለሁ፤ ለስላሳ ላስቲክ ከሆኑ በሁለት ዓመት ይሰበራሉ፤ እርጥበት ላለበት ቦታ የማይዝገው ብረት ይሻላል። ግላንድ አለው ወይስ በሚስማር የሚበሳ ጎማ ብቻ ነው የመጣለት? የፈተና ወረቀት አለ ሲሉኝ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም።

ፕሮፎርማ ስጽፍም «18 ዋተርፕሩፍ መብራት» ብዬ አላቆምም። ግላንዱን ከነልኩ፣ ክብ ባለ ሦስት ሽቦ ገመዱን፣ ስካቶላውን ለየብቻ እጽፋለሁ። አሰሪው ዋጋ ሲቀንስ ግላንዱን ሊያስወግድ ከፈለገ የት ላይ እንደቀነሰ በዓይኑ ይየው። ጠፍጣፋ ገመድ ይዞ የሚመጣ ካለ፣ ለሌላ ሥራ ይሁንለት።

ላቫጆው አሁንም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የተቀየረው አንድ መብራት ብቻ ነው፤ እሱንም ላዩ ላይ መሰላል የጫነ አይሱዙ ገብቶ ሰበረው። በየክረምቱ ሐምሌ ላይ እሄድና ሦስት አራቱን ከፍቼ አያለሁ። ባለ ሚስማሩ ጨርቅ እዚያው ተንጠልጥሏል፤ ባለቤቱም ሻይ ሲያቀርቡልኝ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው፣ «ይሄን ያህል ነበር አይደል ያወጣኸው?» ይሉኛል።